በየማሳው ዳር ስለ ቀሩት አሮጌ ካሚዮኖች፤ ትውልዳቸው በምን እንደሚታወቅ

እርሻ ያለ ብረት አይሆንም፤ ጽኑ ብረትም በገጠር በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ካሚዮን ተሰብሮ በመንገድ ዳር የቀረ እንደ ሆነ፣ ለአላፊ አግዳሚው የዝገት ክምር መስሎ ቢታየውም፣ ለባለ እጁ የማረሻ ጎተራ ነው። ጭነቱን የሚሸከመውን ባሌስትራ በወናፍ አግሎ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ፣ ማረሻና መጥረቢያ ያወጣበታል። ይህ መልካም ሥራ ስለ ሆነ ሊከለከል አይገባም። ነገር ግን ከብረቱ ጋራ የካሚዮኑ ቍጥርና ምልክት አብሮ የጠፋ እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣና ማን እንዳመጣው የሚናገር ምስክር አይገኝም።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚያደርሰው መንገድ ብዙ ዓይነት ካሚዮን የተመላለሰበት ነው። እንዲህ ባለ መንገድ አጠገብ አሮጌ የካሚዮን አካል ሲገኝ፣ «የጣልያን ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። አባባሉም ያለ ምክንያት አልተነሣም። የኢጣልያ ጦር በወረራው ዘመን በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በደምበጫ ሠፍሮ፣ ስንቁንና ጥይቱን በካሚዮን ያመላልስ ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላ፣ የጎጃም አርበኞችና በዊንጌት የሚመራው ጦር ወደ ፊት በገፉ ጊዜ፣ ጠላት በየካቲት ወር ዳንግላንና እንጅባራን ለቀቀ፤ መጋቢት 28 ቀንም ግርማዊነታቸው ደብረ ማርቆስ ገቡ። የሚሸሽ ጦር የተሰበረ ካሚዮን ለማቃናት ጊዜ አያገኝም።

ዳሩ ግን ሌሎችም ካሚዮኖች በየዘመናቸው ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። የእንግሊዝ ጦር የራሱን ይዞ መጥቷል፤ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ በኋላም የመንገድ ሥራ ካሚዮኖች በዝተዋል፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ከምሥራቅ ጀርመን ኢፋ፣ ከሶቪየት ኅብረት ዚል መጥተዋል። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠት አስቀድሞ አካሉን መመርመር ይገባል።

በመጀመሪያ ብዙ ሰው የሚመለከተው መሪውን ነው፤ መሪው በቀኝ ከሆነ የእንግሊዝ ነው ይላል። ይህ ግን ያሳስታል። በዚያ ዘመን የኢጣልያ ትልልቅ ካሚዮኖችም መሪያቸው በቀኝ ነበረ፤ በተራራ መንገድ ሾፌሩ የገደሉን አፋፍ ቀርቦ እንዲያይ ይረዳው ነበር። በኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ ተሽከርካሪ በግራ በኩል ይሄድ ስለ ነበረ፣ የቀኝ መሪ ብቻውን የመጣበትን አገር አያስታውቅም።

የሞተሩ ምስክርነት ከመሪው ይልቅ የታመነ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1939 ይሠራ የነበረው ፊያት 634 በናፍጣ የሚሠራ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አለው። ላንቺያ ሮ ሁለት ሲሊንደር ብቻ ሲኖረው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ፒስቶኖች ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ይህም ዩንከርስ ከተባለው የጀርመን ፋብሪካ በተገኘ ፈቃድ የተሠራ ነው። ከእርሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው ላንቺያ ትሬ ሮ ባለ አምስት ሲሊንደር ነው። ኢፋ ደብልዩ 50 ግን ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን፣ የተሠራውም እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1990 ስለ ሆነ፣ ምንም ያህል ቢዝግ የወረራው ዘመን ሊሆን አይችልም። ሞተሩ ተነቅሎ የተወሰደ እንደ ሆነም፣ በሻንሲው ላይ የተመታው ቍጥር ዝገቱ በቀስታ ተጠርጎ ይፈለግ።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች እንዲህ ቢያደርጉ ይጠቅማል። ብረቱ ከመቈረጡ በፊት የሻንሲውና የሞተሩ ቍጥር፣ የሲሊንደሩ ብዛት፣ የተገኘበትም ስፍራ ይጻፍ፤ ፎቶግራፍም ይነሣ። ሽማግሌዎች ሲጠየቁ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን፣ ካሚዮኑ የቀረው ከየትኛው የታወቀ ነገር በፊት ወይም በኋላ እንደ ሆነ ይናገሩ። የታሪክ ዋጋ ያለው ሆኖ የታየ እንደ ሆነ፣ የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209/1992 በድንገት የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲነገር ያዛልና ሳይነካ ይነገር። በውስጡ ጥይት ወይም ቦንብ ቢታይ ማንም እጁን አያግባ፤ ፖሊስ ይጠራ። ከብት የአሮጌ ባትሪ እርሳስ ሲልስ ይመረዛልና፣ ባትሪው ከግጦሽ ይራቅ።

የእንጅባራ አገር ሰው በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በፈረስ ትርኢት ያስባቸዋል። የወገንን ፈረስ እንዲህ የማይረሳ ሕዝብ፣ የጠላትንም ካሚዮን መዝግቦ ማቈየት አያቅተውም። የጠላትን ጥይት የተሸከመ ባሌስትራ ዛሬ የገብስና የድንች ማሳ ቢያርስ የሚያስደስት ነው፤ ደስታውም የሚሞላው ማረሻው ከምን ብረት እንደ ወጣ ልጅ ለልጅ ሊነግር ሲችል ነው። ለዚህም የሚፈለገው አንድ ወረቀትና የአንድ ሰዓት ትጋት ብቻ ነው።