ወርቁን እንሽጥ ወይስ ሳንቲሙን እናስመርምር?

የወርቅ ሳንቲም ይዞ ወርቅ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ግራም ነው?» ብሎ ነው። ለቀለበትና ለአምባር ይህ ጥያቄ ይበቃል። ለሳንቲም ግን ከግራሙ በፊት «ይህ የማን ነው? የት ተመታ? መቼ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ የእነዚህ መልስ አንዳንዴ ከሚዛኑ በላይ ብር ያወጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይጨምርም። ልዩነቱን ሳያውቁ መሸጥም፣ ሳያውቁ ለምርመራ ገንዘብ ማውጣትም ኪሳራ ነው።

ጥያቄው በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል፤ እዚህ ያለፈው ገንዘብ ዓይነቱ ብዙ ነውና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ የተክሩር ሼኮች የሚያስተዳድሯት የታወቀች የድንበር ገበያ ነበረች። ከደጋ የወረደው ቡና፣ ሰምና በቅሎ ከሱዳን ወገን ከመጣው ሸቀጥ ጋር የሚገናኘው እዚያ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ ሲያልፍ ያየውን በመጽሐፉ አስፍሮታል። የገበያው ዋና ገንዘብ ማርትሬዛ፣ ማለትም ጠገራ ብር ነበር። ቀጥሎ ከመተማ ማዶ በገላባት የሰፈረው የግብፅ ጦር መጣ። ይህ ጦር ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በ1876 ዓ.ም. ከተደረገው የዓድዋ ውል በኋላ በዐፄ ዮሐንስ እርዳታ በኢትዮጵያ በኩል ወጥቶ ሄደ። ከዚያ የሱዳኑ መሐዲ ተከታዮች ድርቡሾች መጡ፤ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማው ጦርነት የቆሰሉት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሕይወታቸው አለፈ። ጦር ባለፈበት ሁሉ ደመወዝና ምርኮም ያልፋል። ስለዚህ ከመተማ ዮሐንስ እስከ ገንደ ውሃ ባለው አገር ከአያት የወረደ አንድ የወርቅ ሳንቲም ቢገኝ የእንግሊዝ፣ የግብፅ፣ የቱርክ ወይም የመሐዲው ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚገኘው የእንግሊዙ የወርቅ ፓውንድ ነው፤ በአንድ ፊቱ የንጉሥ ወይም የንግሥት መልክ፣ በሌላው ፈረሰኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ያለበት። ክብደቱ 7.99 ግራም፣ ወርዱ 22 ሚሊ ሜትር፣ ወርቁ 22 ካራት ነው። ንጹሕ ወርቁ 7.32 ግራም ይሆናል። በሚሊዮኖች ስለተመታ አብዛኛው ዋጋው የወርቁ ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ፓውንዱ የሚመታው በለንደን ብቻ አልነበረም። በሲድኒ፣ በሜልቦርን፣ በፐርዝ፣ በኦታዋ፣ በፕሪቶሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ በቦምቤይ ተመትቷል። የተመታበትን ከተማ የምታሳየው አንዲት ትንሽ ፊደል በአብዛኛው ከዓመቱ በላይ፣ ፈረሱ በቆመበት መሬት ላይ ትገኛለች። የ1917 ፓውንድ ፊደል ካለበት ተራ ነው፤ ፊደል ከሌለው ግን የለንደን ሥራ ይሆናልና ብርቅ ነው። ብርቅ በመሆኑም በሐሰት ይሠራል። እንዲህ ያለ ሳንቲም ሲገጥም የምርመራ ወጪው ትርጉም ይኖረዋል።

«የእኛ አንጥረኛ በድንጋይ ፍቆ ወርቅ ነው ብሎኛል» የሚል ሰው አይጠፋም። አንጥረኛው እውነቱን ነው፤ የመለሰው ግን የወርቅን ጥያቄ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሆሴ ቤራሃ የተባለ ሰው በሚላኖ የእንግሊዝን ፓውንድ ከእውነተኛ ወርቅ፣ ወርቁንም ሳያጓድል ይመታ ነበር፤ ሳንቲሙ ከወርቁ በላይ ስለሚሸጥ በልዩነቱ ያተርፋል። የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ፓውንዱ ከእንግዲህ መገበያያ ገንዘብ ስላልሆነ ሐሰተኛ ገንዘብ አሠራ ሊባል አይችልም ብሎ አሳልፎ አልሰጠውም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ፓውንዱን እንደገና መምታት የጀመረችው ገበያውን የሞላውን ሐሰተኛ ለመግፋት ነበር። በመካከለኛው ምሥራቅም ብዙ ተመሳስሎ ተሠርቷል። የፈተና ድንጋይ እንዲህ ያለውን አይለይም።

ወርቅ መሆኑን ብቻ ለማወቅ ግን ሳንቲሙን መፋቅ አያስፈልግም፤ ለነገሩ መፋቁ ዋጋ ይቀንሳል። እስከ 0.01 ግራም የምትለካ ሚዛን ካለች፣ በብርጭቆ ውኃ አድርገው ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ወደ ዜሮ ይመልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረው ውኃው ውስጥ ያንጠልጥሉ፤ ታችኛውንም ጎኑንም እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ለሳንቲሙ ክብደት ማካፈያ ያድርጉ። እውነተኛ ፓውንድ 0.45 አካባቢ ያሳያል፤ ሲካፈል 17 ተኩል ገደማ ይሆናል። ወርቅ የተቀባ ናስ 8 ተኩል አካባቢ ይወጣል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሳንቲሙም አይጎዳም።

አሁን ወደ መሐዲው ሳንቲም፤ እውነቱን ለመናገር እኔን ከሁሉም በላይ የሚስበኝ እሱ ነው። ካርቱም በጥር 1877 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ የመሐዲው ግምጃ ቤት ከምርኮው ወርቅ የመቶ ቂርሽ ሳንቲም መታ። መሐዲው በዚያው ዓመት በሰኔ ስለሞተ ሥራው የጥቂት ወራት ብቻ ነበር፤ ከሱ በኋላ የመጣው ኸሊፋ የሚመታው ብር ደግሞ ከዓመት ዓመት መዳብ እየበዛበት ሄደ። የመሐዲው ወርቅ የግብፅን የወርቅ ፓውንድ አስመስሎ የተሠራ ነው፤ የቱርኩ ሱልጣን የአብዱልመጂድ ቱግራ፣ ማለትም የፊርማ ምልክት፣ አለበት፤ የተጻፈበትም ዓመት የሱልጣኑ ዘመን መነሻ የሆነው 1255 ሒጅራ ነው። ሳንቲሙ የተመታው ግን በ1302 ሒጅራ ነበር። ስለዚህ ዓመቱን አንብቦ የሚፈርድ ሰው በእኛ አቆጣጠር የ46 ዓመት ያህል ስህተት ይሠራል፤ ስህተቱም ከአንድ ብርቅ ሳንቲም ወደ አንድ የታወቀ የግብፅ ሳንቲም ያወርደዋል። ሁለቱን የሚለየው የጽሕፈቱ አጣጣልና የአመታቱ ሸካራነት ነው፤ ይህንን ደግሞ ብዙ ያየ ዓይን ብቻ ይለያል። ወርቅ ቤት ግን ሁለቱንም 8 ተኩል ግራም ገደማ፣ 21 ካራት ብሎ በአንድ ዋጋ ይገዛቸዋል።

ማርትሬዛም እንዲሁ ያታልላል፤ ዓመቱ ሁልጊዜ 1780 ነው፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞቱበት። ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ተመትቷል። ብር ስለሆነ ለዛሬው ጉዳያችን ይህን ያህል ይበቃዋል።

ማስመርመር ወይም ደረጃ ማሰጠት ማለት ሳንቲሙን ለገለልተኛ መርማሪ ድርጅት ልኮ እውነተኛነቱንና ይዞታውን ማስመስከር ነው። መለኪያው ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ለአገሩ የድሮ ሳንቲሞች ያወጣው ሲሆን ከ1 እስከ 70 ይሄዳል፤ ከ60 ጀምሮ ያለው በገበያ ያልተንከራተተ ማለት ነው። ዛሬ በዓለም ይበልጥ የሚታወቁት ሁለት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1986 ሥራ የጀመረው ፒሲጂኤስና በ1987 የተቋቋመው ኤንጂሲ ናቸው፤ መቀመጫቸው አሜሪካ ሲሆን በአውሮፓም የሚቀበሉበት ቢሮ አላቸው። ሳንቲሙ ተመርምሮ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በታሸገ ፕላስቲክ ይመለሳል።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ስለማይጽፈው ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ወርቁ 100 የሚያወጣ ተራ ፓውንድ ሳይመረመር 105 ይሸጣል እንበል፤ ተመርምሮ 120 ይሆናል። የምርመራው ክፍያ፣ የመላኪያው፣ የኢንሹራንሱ 30 ከሆነ ባለቤቱ 15 ከስሯል፤ ወራትም ጠብቋል። በሌላ በኩል ተራ መስሎ የሚሸጥ ሳንቲም ስሙ ሲረጋገጥ 500 የሚያወጣ ከሆነ ያው 30 ወጪ ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ ለምርመራ የሚላከው ቆንጆው ሳንቲም ሳይሆን ማንነቱ የሚያጠራጥረውና ማንነቱ ዋጋ የሚያመጣው ነው።

ቆንጆነትን ካነሣን፣ አንድ ጉዳት አለ። በአገራችንም በሱዳንም የወርቅ ሳንቲም ቀለበት ተበይዶበት ወይም ተበስቶ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ለጌጥነቱ ያምራል፤ ለመርማሪው ግን የተበየደ ሳንቲም ቁጥር አያገኝም፤ እውነተኛ ነው ግን ተጎድቷል ተብሎ ብቻ ይመለሳል። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና የታሸም እንዲሁ። ብየዳውን አስነቅሎ ማስተካከል ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል። እንዲህ ያለው ተራ ዓይነት ከሆነ በግራም መሸጥ ወይም ጌጥ ሆኖ እንዲቀጥል መተው ይሻላል።

የእኛው የወርቅ ሳንቲሞችም አሉ። ዐፄ ምኒልክ በ1889 ዓ.ም. ያስመቱት ወርቅ እውነተኛው ብርቅ ነው፤ ተመሳስሎ የተሠራውም ስላለ ያለ ምርመራ ትልቅ ገንዘብ መክፈል አይገባም። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የ1958 ዓ.ም. ስብስብ ከባለ 10 እስከ ባለ 200 ብር አምስት ሳንቲም አለው፤ ትንሹ 4 ግራም፣ ትልቁ 80 ግራም ሲሆን ወርቁ ከሺህ 900 ነው። የእነዚህ ዋጋ በአብዛኛው ከወርቃቸው ጋር ስለሚሄድ ከነሣጥናቸው መሸጥ ይበቃል። የ1970 ዓ.ም. ባለ 600 ብር ግን ሌላ ነው፤ 33.4 ግራም ይመዝናል፤ በላዩ ዋልያ አለበት፤ ከሰሜን ተራሮች የማይወጣው ዋልያ። በጥቂቱ ስለተመታ በግራም መስጠት ጥፋት ነው።

የሕጉ ነገር ከዋጋው ይቀድማል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በእርሻም፣ በመሠረት ቁፋሮም ሆነ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳያነካካ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት። ቅርስ ከአገር የሚወጣውም ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን በፈቃድ ብቻ ነው። ከ3ኛው መቶ ዓመት ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ እስከ 7ኛው መቶ መጀመሪያ የተመታው የአክሱም ወርቅ በግልጽ እዚህ ውስጥ ነው፤ ለእሱ የመሸጥም የማስመርመርም ጥያቄ አይነሣም። ከአያት የወረደ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሳንቲም ደግሞ ወደ ውጭ ለምርመራ ከመላኩ በፊት ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ቀርቦ ይታይ፤ ጉምሩክም በጽሑፍ ይወቀው። በኬላው በኩል በኪስ ወደ ገላባት የተሻገረ ሳንቲም ቢወረስ ባለቤቱ የሚያሳየው ማስረጃ የለውም።

ለመሸጥ የወሰነ ሰው በሁለት ፊቱ በጥሩ ብርሃን ፎቶ ያንሣው፤ ክብደቱንና ወርዱን ይጻፍ። ፎቶው ብቻ ለብዙ ጥያቄ ይበቃል፤ የጨረታ ቤቶች የሽያጭ መዝገብ በኢንተርኔት ስለሚገኝ ተመሳሳዩ በስንት እንደተሸጠ ማየት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ከአንድ በላይ ወርቅ ቤት ይጠይቅ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳኑ ጦርነት ምክንያት በመተማ በኩል የገባ ሰው ወርቁን በችኮላ ለመሸጥ ቢገደድ እንኳ ጌጡን አስቀድሞ ሳንቲሙን ወደ ኋላ ቢያቆየው ይሻለዋል። ውርስ የሚካፈሉ ወንድምና እኅቶችም ሳንቲሞቹን በሚዛን እኩል ከመደልደላቸው በፊት እያንዳንዱ ምን እንደሆነ ይታወቅ፤ አምስት ሳንቲም ለአምስት ልጅ ሲደርስ አንደኛው የመሐዲው ሊሆን ይችላልና።