ቢኤምደብልዩ ኤም5 (ኢ60) እንደ ያገለገለ መኪና

ቢኤምደብልዩ ኤም5 (ኢ60) የጀርመኑ መኪና አምራች ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ለገበያ ያቀረበው ፈጣን የቅንጦት መኪና ነው። «ኢ60» ኩባንያው ለዚያ ትውልድ ባለ 4 በር መኪና የሰጠው የውስጥ መለያ ነው። መኪናው አዲስ ሳለ በአሜሪካ ከ80,000 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ብዙ ኪሎ ሜትር የሄዱት ግን ኋላ ላይ የዚያን ሩብ በሚያህል ዋጋ ተሸጠዋል። የመለዋወጫውና የባለሙያው ዋጋ ግን አብሮ አልወረደም። መኪናው ያረጀ የ80,000 ዶላር መኪና እንጂ የ20,000 ዶላር መኪና አይደለም። በዚህ ምክንያት ኤም5 ያገለገለ የቅንጦት መኪና ሲገዛ አስተማማኝነትና የጥገና ወጪ እንዴት እንደሚመዘኑ ለማስረዳት ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሞተሩ

ኤስ85 የሚባለው ሞተር 5.0 ሊትር ሲሆን፣ በ«ቪ» ቅርጽ የተደረደሩ 10 ሲሊንደሮች አሉት። ቱርቦ የለውም። ጉልበቱን የሚያገኘው በፍጥነት በመሽከርከር ነው፤ በደቂቃ እስከ 8,250 ዙር ይደርሳል፣ 507 የፈረስ ጉልበትም ይሰጣል። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ የአየር መክፈቻ ክዳን አለው። መኪናው ሲነሳ ሞተሩ በ400 የፈረስ ጉልበት ይሠራል፤ ቀሪውን ለማግኘት አሽከርካሪው ቁልፍ መጫን አለበት።

ሞተሩ በተሠራበት ዘመን የፎርሙላ 1 መኪናዎች ባለ 10 ሲሊንደር ነበሩ፤ ቢኤምደብልዩም ለዊሊያምስ ቡድን ሞተር ያቀርብ ነበር። ዝምድናው ለማስታወቂያ በደንብ አገልግሏል። ይሁን እንጂ መኪናው ገበያ ላይ ብዙም ሳይቆይ፣ በ2006፣ ውድድሩ ወደ 8 ሲሊንደር ተሻገረ። ኤስ85 በ2005 እና በ2006 የዓመቱ ምርጥ ዓለም አቀፍ ሞተር ተብሎ ተሸልሟል። ሽልማቱ የሞተሩን ችሎታ እንጂ ዕድሜውን አይለካም፤ አንድ ሞተር ከ10 ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን በወጣበት ዓመት ማንም ሊያውቅ አይችልም።

የቢየላ ኩሽኔታ

የኤም5 ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ድክመት ይህ ነው። ቢየላ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ እንደ ቅጠል የሳሱ ሁለት ግማሽ ክብ ብረቶች ተቀምጠዋል። እነዚህ ብረቶች ክራንክሻፍቱን በቀጥታ አይነኩትም፤ በመካከላቸው ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር መቶኛ እጆች ጥቂቱን ብቻ የሚያህል የዘይት ሽፋን አለ። ሽፋኑ ሲቋረጥ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል፣ ኩሽኔታው ይሳሳል፣ በመጨረሻም ካለበት ተፈናቅሎ ይዞራል። ያን ጊዜ ቢየላው ሊሰበርና የሞተሩን ግድግዳ ሊበሳ ይችላል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አይጠገንም፤ ይለወጣል።

በኤስ85 ላይ ይህ ኩሽኔታ ከሚጠበቀው ጊዜ ቀድሞ እንደሚያልቅ በመካኒኮች ዘንድ በሰፊው ይታወቃል። በምክንያቱ ላይ ግን ስምምነት የለም። አንዳንዶች በኩሽኔታውና በክራንክሻፍቱ መካከል የተተወው ክፍተት ለወፍራሙ 10ደብልዩ-60 ዘይት እጅግ ጠባብ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ዘይት ለመለወጥ የተፈቀደው ርቀት መርዘሙንና ሞተሩ ሳይሞቅ በኃይል መነዳቱን ይወቅሳሉ። ለመጨረሻው ምክንያት አምራቹ ራሱ ጥንቃቄ አድርጎበታል፦ የዙር መቁጠሪያው ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ከፍተኛውን ዙር በመብራት ይከለክላል፣ ሙቀቱ ሲጨምርም ገደቡን ቀስ በቀስ ያነሳል። የቀድሞው ባለቤት መብራቱን ያከብር እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ ግን የለም።

ሌሎች የታወቁ ችግሮች

የአየር ክዳኖቹን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ውስጣዊ ጥርሳቸው ሲያልቅ መኪናው ጉልበቱን ይቀንሳል። ቫኖስ የሚባለው የቫልቭ ጊዜ ማስተካከያ የሚሠራው በከፍተኛ የዘይት ግፊት ስለሆነ ፓምፑና ቱቦው የታወቁ የብልሽት ቦታዎች ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ያስወጣሉ እንጂ ሞተር አይገድሉም።

ካምቢዮው ሌላ ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ ኤም5ዎች ኤስኤምጂ የተባለ ባለ 7 ማርሽ ካምቢዮ አላቸው። ይህ ተራ አውቶማቲክ አይደለም፤ ፍሪሲዮን ያለው ማኑዋል ካምቢዮ ሆኖ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው የሰው እግር ሳይሆን በኮምፒውተር የሚታዘዝ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ሲበላሽ መኪናው ማርሽ ማስገባት ስለማይችል ባለበት ይቆማል። በትራፊክ መጨናነቅ የተነዳ መኪና ደግሞ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ይጨርሳል። በአሜሪካና በካናዳ ገዢዎች ባለ 6 ማርሽ ማኑዋልም መምረጥ ይችሉ ነበር፤ ባለ ማኑዋሎቹ ያገለገሉ ሆነውም ከኤስኤምጂዎቹ በላይ ያወጣሉ። ልዩነቱ በከፊል የመንዳት ደስታ ዋጋ ነው፤ በከፊል ግን ገበያው ለፓምፑ ሥጋት ያወጣው ዋጋ ነው።

ወጪውን ማስላት

ቋሚውን ወጪ ማስላት ቀላል ነው። በአውሮፓ መለኪያ መሠረት መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 14.8 ሊትር ቤንዚን ይጠጣል፤ በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ይህ 1,480 ሊትር ነው። የ70 ሊትሩ ታንክ 470 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል፣ በከተማ ደግሞ ከዚያ ያነሰ። ትልልቆቹ የፍሬን ዲስኮች፣ ሰፋፊዎቹ ጎማዎችና በአንድ ጊዜ ከ9 ሊትር በላይ የሚወስደው ዘይት ይጨመራሉ።

አስቸጋሪው ሊመጣም ላይመጣም የሚችለው ወጪ ነው። ለምሳሌ ያህል ኩሽኔታውን አስቀድሞ ማስለወጥ 4,000 ዶላር፣ ሞተር መለወጥ ደግሞ 18,000 ዶላር ያስወጣል እንበል። በአማካይ ስሌት ብቻ ከሄድን፣ ሞተሩ የመሰበር ዕድሉ ከ22 በመቶ በታች ከሆነ አለመለወጥ ያዋጣል። ይህ ስሌት 1,000 መኪና ላለው ድርጅት ትክክል ነው፤ በርካሾቹ ዓመታት ያጠራቀመው ክፉውን ቀን ይሸፍንለታል። አንድ መኪና ያለው ሰው ግን አማካዩን አይከፍልም፤ ወይ ምንም አይከፍልም፣ ወይ ሙሉውን 18,000 ይከፍላል። ያን ገንዘብ ማግኘት የማይችል ከሆነ መኪናው በቁሙ ይቀርበታል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የአደጋው ዕድል ስንት ነው የሚለው ብቻ አይደለም፤ ገዢው አደጋው ቢደርስ ይችለዋል ወይ የሚለውም ነው። ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለመግዣው ያዋለ ሰው መልሱን አስቀድሞ ሰጥቷል።

የባለቤቶችን ወሬ እንደ ማስረጃ መውሰድም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞተር የተሰበረበት ሰው ይናገራል፤ ያልተሰበረበት ዝም ብሎ ይነዳል። በሌላ በኩል «የኔ ምንም አልሆነ» የሚለው ባለቤት መኪናውን በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚያወጣ ሊሆን ይችላል።

ከግዢ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ከኪሎ ሜትሩ ቁጥር ይልቅ የጥገናው መዝገብ ይበልጣል። በመዝገቡ ውስጥ መጀመሪያ የሚፈለገው በ2,000 ኪሎ ሜትር ላይ የሚደረገው የመጀመሪያ አገልግሎት ነው፤ በዚህ ጊዜ አዲሱ ሞተር ሲለማመድ ያወጣው ብናኝ ከዘይቱ ጋር ይወገዳል። ኩሽኔታው ተለውጧል ከተባለ ደረሰኙ መታየት አለበት። ጥቂት ኪሎ ሜትር መሄድ ሁልጊዜ መልካም ምልክት አይደለም፤ ለዓመታት የቆመ መኪና ላስቲኩና ማኅተሙ ይደርቃል።

የዘይት ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መላክ ከመኪናው ዋጋ አንጻር ኢምንት ወጪ ነው። ቀደም ባሉት ኩሽኔታዎች ላይ የእርሳስና የመዳብ ብናኝ መብዛት የማለቅ ምልክት ነው። ዘይቱ በቅርቡ ከተለወጠ ግን ናሙናው ብዙ አይናገርም፤ ለሽያጭ የተዘጋጀ መኪና ደግሞ ዘይቱ አዲስ መሆኑ የተለመደ ነው። ሞተሩን ቀዝቃዛ እንደሆነ ማስነሳት፣ የስህተት ኮዶችን ማንበብ፣ ኤስኤምጂው በትራፊክ ውስጥ እንዴት ማርሽ እንደሚቀይር ማየትም ያስፈልጋል። ምርመራውን የሚያደርገው መካኒክ ይህን ሞተር የሚያውቅና ከሻጩ ጋር ጥቅም የሌለው መሆን አለበት።

ንጽጽር

በተመሳሳይ ዘመን የጃፓኑ ሌክሰስ አይኤስ ኤፍ የተባለ ፈጣን መኪና አቅርቦ ነበር። 5.0 ሊትር ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር፣ 416 የፈረስ ጉልበትና ተራ ባለ 8 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነበረው፤ እስከ 2014 ተመርቷል። ከኤም5 ጠበብ ያለ፣ ዝግ ያለም ነው፤ ነገር ግን በአስተማማኝነቱ ስም አለው። ያገለገለው አይኤስ ኤፍ ከአዲስ ዋጋው ያጣው ድርሻ ከኤም5 ያነሰ ነው። አዲስ ሳሉ በዋጋ እጅግ የሚራራቁት ሁለቱ መኪናዎች በያገለገለ ገበያ ላይ ጎን ለጎን የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው፤ የሌክሰሱ ገዢ ለጥገና የሚሆነውን ገንዘብ ከፊሉን ለሻጩ አስቀድሞ ይከፍላል፣ የኤም5 ገዢ ደግሞ ለራሱ ያስቀምጣል ወይም ያስቀምጣል ተብሎ ይታሰባል።