ጸጥ ያለ ፋን ለወረታ ኮምፒዩተር

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የፎገራ ሩዝ ታጭዶ ሲወቃ፣ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በሚገኝባት ወረታ የመፈልፈያዎቹ ድምፅ ይበረታል። የገለፈቱ ብናኝ በየበሩ ይገባል፤ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ዴስክቶፕም አይቀርለትም። ፋኑ አየሩን ሲስብ ብናኙን አብሮ ይስባል። ክዳኑ ሲከፈት በፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ አሉሚኒየም መካከል ግራጫ አቧራ እንደ ባዘቶ ተጠቅጥቆ ይታያል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ማዘርቦርዱ ፋኑን ያጣድፈዋል፤ ጩኸቱ ከዚያ ይመጣል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ያጽዱት። መብራቱን ነቅለው፣ ክንፎቹ እንዳይዞሩ በጣት ይዘው፣ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት። ከዚያ ፋኑን በእጅዎ ቀስ አድርገው ያዙሩት። ካንቀራጨጨ ወይም ከተንገዳገደ ኩሽኔታው አልቋል፤ መቀየር ነው።

የኮምፒዩተሩን ሳጥን የሚያናፍሰውን የኬዝ ፋን ሲመርጡ ከሁሉ በፊት ስፋቱን ይዩ። 120 ሚሊ ሜትር የሆነው ከ80ው ጋር እኩል አየር ለመግፋት በጣም ዝግ ብሎ ቢዞር ይበቃዋል። ዝግ ማለቱ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፦ የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ ለጆሯችን የ10 ዴሲቤል ቅናሽ እንኳ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ነው። ኬዝዎ 120ውን የሚቀበል ከሆነ 80ውን አይግዙ።

ለፎገራ ሰው ሌላም ምክንያት አለ። ሜዳው የጣና ዳርቻ ቢሆንም ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩም እንደ ጅቡቲ ካለ የባሕር ጠረፍ አየር በአንድ ስድስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ትንሽ ፋን ይህን ማካካስ የሚችለው በመሮጥ፣ ማለትም በመጮኽ ብቻ ነው።

ርካሹ ፋን ቅባቱ ሲደርቅ ቶሎ መንጫጫት ይጀምራል። በፈሳሽ ቅባት ላይ የሚንሳፈፍ ኩሽኔታ ያለው ዋጋው ቢጨምርም ጸጥታውም ዕድሜውም ይሻላል፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ሶኬቱ ባለ 4 ቀዳዳ ይሁን፤ ማዘርቦርዱ በአራተኛው ሽቦ ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ ይቆጣጠርበታል።

ሱቅ ሲሄዱ አሮጌውን ነቅለው ይዘው ይሂዱ፤ የ120ው የብሎን ቀዳዳዎች ርቀት 105 ሚሊ ሜትር ነው። የውቂያው ወቅት ሲያልፍም፣ ጥር ላይ፣ ኬዙን እንደገና ይክፈቱት።