በፊዚክስ መግቢያ ትምህርት ስለሚያጋጥሙ አንዳንድ ስያሜዎች

በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት በካልኩለስ ተደግፎ የሚሰጠው የፊዚክስ ትምህርት አብዛኛዎቹ ቃላቱ ለተማሪው ጆሮ አዲስ አይደሉም። ፍጥነት፣ ጉልበት፣ ኃይል፣ ሥራ ከቤቱ ይዟቸው የመጣ ናቸው። ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ቃሉ የታወቀ ሲሆን ጽንሰ ሐሳቡ ግን ሌላ ነው። በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ነገሩ አልገባ ሲል ተማሪው ለጓደኛው የሚያስረዳው በሚናገረው ቋንቋ ነውና፣ የአማርኛው ስያሜ የትርጉም መጻሕፍት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ድንጋይ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ እንበል። የአየሩን ግፊያ ትተን የምድርን ስበት በሰከንድ ካሬ 10 ሜትር ብንለው (ይበልጥ የሚቀርበው 9.8 ነው)፣ የድንጋዩ ከፍታ የጊዜው 20 እጥፍ፣ ሲቀነስ የጊዜው ካሬ 5 እጥፍ ይሆናል። ካልኩለስ የሚጠይቀው ይህ ከፍታ በያንዳንዱ ቅጽበት በምን ያህል እየተለወጠ ነው ብሎ ነው። መልሱ ፍጥነት ነው፤ ከ20 ተነሥቶ በየሰከንዱ 10 ይቀንሳል። ያንኑ ጥያቄ ስለ ፍጥነቱ ብንደግመው የማይለዋወጥ 10 ወደ ታች እናገኛለን። በ2ኛው ሰከንድ ድንጋዩ 20 ሜትር ላይ ደርሶ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ የፍጥነቱ ለውጥ ግን ዜሮ አይደለም። ሁለቱንም ዜሮ ብሎ የሚመልስ ተማሪ ጥቂት አይደለም።

ለዚህ ሁለተኛ ጽንሰ ሐሳብ ከሚቀርቡት ስያሜዎች መካከል ሽምጠጣና ፍጥንጥነት ይገኛሉ። ሽምጠጣ ሕያው ቃል ነው፤ ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ ዐይናችን ላይ ይመጣል። ጉድለቱ እዚሁ ላይ ነው፤ ፈረሱ ሲገታ ወይም ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሲዞር ሸመጠጠ አንልም። ፊዚክስ ግን መገታቱንም መዞሩንም በዚሁ ስያሜ ይጠራል። ፍጥንጥነት ከ«ብትንትን» ጋር በአንድ አረባብ ሥርዐት የተበጀ ሲሆን፣ የሥሩን ፊደላት መድገሙ ፍጥነትን መልሶ የመለካቱን ሐሳብ ያስታውሳል። ለአፍ ጥቂት ቢከብድም እኛ የምንመርጠው ይህን ነው።

እንግሊዝኛ አቅጣጫ ላለውና ለሌለው ፍጥነት ሁለት ቃላት ስላሉት እኛም ሁለት እንፍጠር የሚለው ሐሳብ ግን አያሳምነንም። ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ በተለመደው አነጋገር በአንድ አንድ ቃል ይጠቀማሉ፤ ልዩነቱ ሲያስፈልግ ቅጽል ይጨምራሉ። ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ሌላ ነው። ተርጓሚው «የለውጥ ፍጥነት» ብሎ ከጻፈ በኋላ፣ ፍጥነትን «የቦታ ለውጥ ፍጥነት» ብሎ ሲተረጕም ቃሉን በራሱ ይፈታዋል። «የለውጥ ምጣኔ» ቢባል ክቡ ይሰበራል።

ከሁሉ የሚከብደው የኃይልና የጉልበት ነገር ነው። ሁለቱ በየጽሑፉ ሲቀያየሩ ይታያል። እኛ ከስሙ ይልቅ አብሮት የሚሄደውን ግስ መመርመር ይበጃል እንላለን። «ጉልበት አለው»፣ «ጉልበቱ አለቀ» ማለት ያማረ አማርኛ ነው፤ ጉልበት የሚያዝ፣ የሚጠራቀም፣ የሚያልቅ ነገር ነው። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ የተነተነው ኃይል ግን በአካል ላይ የሚያርፍ እንጂ አካሉ ይዞት የሚዞር አይደለም። ይህን ኃይል ጉልበት ካልነው፣ ተማሪው ድንጋዩ የወርዋሪውን ጉልበት ተሸክሞ ይወጣል፣ ጉልበቱ ሲያልቅ ይወድቃል ይላል። ዐረፍተ ነገሩ ለአማርኛ ትክክል፣ ለኒውተን ሕግ ስሕተት ነው። ድንጋዩ ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚያርፍበት ኃይል የምድር ስበት ብቻ ነው። ሲወጣ የሚቀንሰው፣ ሲወርድ የሚመለሰው በተለምዶ ኢነርጂ የምንለው ነው፤ ጉልበት የሚለው ቃል በባሕርዩ የሚቀርበውም ለዚሁ ነው።

ይህ መደበላለቅ የአማርኛ ድህነት ተደርጎ እንዳይታይ እንወዳለን። ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1847 ስለ ኢነርጂ አለመጥፋት የጻፈውን ታላቅ ጽሑፍ የሰየመው ለኃይል በሚያገለግለው የጀርመንኛ ቃል ነው። ቶማስ ያንግ ኢነርጂ የሚለውን ቃል ለዚህ ትርጉም ያዋለው ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1807 ቢሆንም፣ ቃሉ እስኪረጋ አሥርት ዓመታት ፈጅቷል።

ኃይልን ለዚህ ብንወስደው «የኤሌክትሪክ ኃይል» የሚለው ልማድ ይቀራል። ይህን ከሕዝብ አፍ ማስጣል አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። በዋት የሚለካውን በፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ «የሥራ ምጣኔ» ብሎ፣ በመዝገበ ቃላቱ ላይ ሁለቱን በየሙያ ምልክታቸው ለይቶ ማስፈር ይበቃል።

ሥራ የሚለውም እንዲሁ ምልክት ይሻል። አንድ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ሳይነቃነቅ የቆመ ሰው ላቡ ቢንጠፈጠፍም፣ በፊዚክስ አነጋገር በጤፉ ላይ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው። ተርጓሚው ይህን በኅዳግ ሳያስታውስ ቢያልፍ አንባቢው የሚጠረጥረው ፊዚክሱን ሳይሆን ትርጉሙን ነው።