ዋየርሻርክ፦ በክላየንትና በሰርቨር መካከል የሚቆም ምስክር

የጤና ተቋሞቻችን ሪፖርታቸውን የሚልኩት ዲኤችአይኤስ2 በተባለ ሥርዓት ነው። ደባርቅ ያለ ጤና ጣቢያ ሪፖርቱን ጎንደር ወዳለ ሰርቨር ሲልክ «ግንኙነት አልተቻለም» ተባለ እንበል። ጤና ጣቢያው ሰርቨሩን ይወቅሳል፤ የሰርቨሩ ባለሙያ ደግሞ ኔትወርኩን። ክርክሩን የሚፈታው በመካከላቸው ያለፈውን ማየት ነው።

ለዚህ ሁነኛው መሣሪያ ዋየርሻርክ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው። ጄራልድ ኮምብስ እ.ኤ.አ. በ1998 ኢቴሪያል ብሎ አወጣው፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው በ2006 ነው። በኮምፒውተሩ የኔትወርክ ካርድ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) ከነሰዓቱ፣ ከነላኪውና ከነተቀባዩ ይመዘግባል።

አብዛኛው ግንኙነት በቲሲፒ ሲጀመር ሦስት ፓኬቶች ይቀድማሉ። ክላየንቱ፣ ማለትም የጤና ጣቢያው ኮምፒውተር፣ ሲን ይልካል፤ ሰርቨሩ ሲን-አክ ይመልሳል፤ ክላየንቱ በአክ ያጸናል። ሲን እየተደጋገመ መልስ ካጣ ሰርቨሩ ጠፍቷል፣ መስመሩ ተቋርጧል፣ ወይም ፋየርዎል ዘግቶበታል። ወዲያው ሪሴት የተባለው የእምቢታ ፓኬት ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ ማሽኑ በርቷል፤ በዚያ ፖርት የሚሠራ ፕሮግራም ግን የለም። ሦስቱም በፍጥነት አልፈው፣ ጥያቄው መድረሱም በአክ ተረጋግጦ መልሱ ከዘገየ፣ መፈተሽ ያለበት የሰርቨሩ ፕሮግራም ወይም ዳታቤዙ ነው።

«አገሩ ሩቅ ስለሆነ ነው» የሚለውም በቁጥር ይመዘናል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ደባርቅና ጎንደር የሚራራቁት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱ 1 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ነው። ፓኬቱ በአዲስ አበባ ዞሮ ቢመጣ እንኳ ርቀቱ የሚጨምረው ጊዜ ከ20 ሚሊሰከንድ ብዙም አይበልጥም። 5 ሰከንድ የፈጀ መልስ ካለ ሰበቡ ርቀት አይደለም፤ የተጨናነቀ መስመር፣ የጠፋና እንደገና የተላከ ፓኬት፣ ወይም ሥራ የበዛበት ሰርቨር ነው። በሁለቱም ጫፍ መዝግቦ ማነጻጸር ፓኬቱ መንገድ ላይ መቅረት አለመቅረቱን ይለያል።

በኤችቲቲፒኤስ የተመሰጠረ መልእክት ይዘቱ አይነበብም፤ ሰዓቱና አድራሻው ግን ይታያል። ያለ ፈቃድ የሰው ግንኙነት መጥለፍ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነውና የሚፈተሸው የራስ ወይም የተፈቀደ ኔትወርክ ብቻ ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ለጤና ጣቢያዎች ባለሙያ ለማፍራት ነበር። ዛሬ እዚያ ኢንፎርማቲክስ የምትማሩ ወጣቶች እነዚሁን ጤና ጣቢያዎች በሙያችሁ ልታግዙ ትችላላችሁ። የደህናውን ቀን ትራፊክ አስቀድማችሁ መዝግባችሁ አስቀምጡ፤ ጤናማውን የማያውቅ በሽተኛውን አይለይም። ብልሽት ሲመጣም ከመወቃቀስ በፊት ፓኬቱን ተመልከቱ።