የጎድን አጥንቱ የሚታይ ጤነኛ ውሻ

ግሬይሃውንድ የተባለው የሩጫ ውሻ ደረቱ ጥልቅ፣ ሽንጡ ወደ ላይ የተሰበሰበ፣ ፀጉሩ አጭር፣ ቆዳው ስስ፣ የሰውነቱ ስብም ከአብዛኞቹ ውሾች ያነሰ በመሆኑ ለዓይን ከሲታ መስሎ መታየቱ ተፈጥሮው እንጂ የረኀብ ምልክት አይደለም። ይሁን እንጂ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ውሻ ያየውን ሰው ሁሉ አንጀት ስለሚበላ፣ ከእሽቅድድም ተገልሎ ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ግሬይሃውንድ ከምግብ እጦት ይልቅ የባለቤቱ ርኅራኄ ሲጎዳው ይታያል። ሌላውን ውሻ ለመመዘን የለመደ ዓይን ለዚህኛው አይሆንም፤ ላብራዶርን ከሲታ የሚያሰኘው መልክ ለግሬይሃውንድ ትክክለኛው ሲሆን፣ ላብራዶርን ያማረበት የሚያሰኘው ደግሞ ግሬይሃውንድን ከልክ በላይ የወፈረ ያሰኘዋል።

በኔቫዳ ግዛት፣ ከላስ ቬጋስ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው የሄንደርሰን ከተማም በአንድ ወቅት የዚህ ውሻ መሮጫ ነበራት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚችው ከተማ ላስ ቬጋስ ዳውንስ የተባለ የውሻ መሮጫ ተከፍቶ ጥቂት ዓመታት ብቻ ሠርቶ ተዘጋ፤ ቁማር እንጀራው በሆነ አገር የውሻ ቁማር ሳይቀናው መቅረቱ የሚያስገርም ነው። በ1997 ደግሞ ኔቫዳ የውሻ እሽቅድድምን በሕግ ከለከለች። ውሾች ሰው ሠራሽ ጥንቸል እየተከተሉ የሚሮጡበት ዘመናዊ ስፖርት በ1919 በካሊፎርኒያ፣ በኤመሪቪል ከተማ ተጀምሮ በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ተስፋፍቶ ነበር፤ ዋነኛ መናኸሪያው የነበረችው ፍሎሪዳ ግን በ2018 በሕዝብ ድምፅ ወስና ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ አቆመችው። መሮጫዎቹ በተዘጉ ቁጥር ውሾቹ በአሳዳጊ ድርጅቶች በኩል ወደ መኖሪያ ቤቶች ተሰራጭተዋልና፣ መሮጫ በሌለባት ሄንደርሰንም ቢሆን በሩጫ ያደገ ውሻ በጉዲፈቻ ወስዶ የሚያሳድግ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

እንዲህ ያለው ውሻ ከጆሮው ይታወቃል። በአሜሪካ የተመዘገበ ግሬይሃውንድ በሁለቱም ጆሮዎቹ ውስጠኛ ክፍል በቀለም የተነቀሰ ምልክት ያለው ሲሆን፣ የግራው አብረውት የተወለዱት ቡችሎች የጋራ መመዝገቢያ ቁጥር ነው፤ የቀኙ ደግሞ የተወለደበትን ወር፣ የዓመቱን የመጨረሻ አኃዝና ከቡችሎቹ መካከል የእሱን መለያ ፊደል ይነግራል። ከዚህ ምልክት ጋር የሚሄደው የሩጫ ታሪክ ውሻው በየውድድሩ የተመዘነበትን ክብደት ስለሚይዝ፣ አዲሱ ባለቤት ሌላ ውሻ አሳዳጊ የማያገኘው መነሻ አኃዝ በእጁ ይኖረዋል። በመሮጫው እያንዳንዱ ውሻ የተወሰነለት ክብደት ነበረው፤ በውድድሩ ዕለት ሲመዘን በብዙ ግዛቶች ደንብ መሠረት ከዚያ ክብደት ከአንድ ፓውንድ ተኩል፣ ማለትም ከ700 ግራም ገደማ በላይ ከጨመረ ወይም ከቀነሰ ከሩጫው ይሰረዝ ነበር። ወንዱ በአብዛኛው ከ29 እስከ 34 ኪሎ፣ ሴቷ ከ25 እስከ 29 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ከዚህ የሚያንሱም የሚበልጡም ግን ሞልተዋል።

ውሻው ሩጫ ካቆመ በኋላ ከዚያ የውድድር ክብደት ላይ ከ1 እስከ 2.5 ኪሎ ቢጨምር ተገቢ እንደሆነ የዘሩ አዋቂዎች ይስማማሉ፤ ምክንያቱም የውድድር ክብደት ለግማሽ ደቂቃ ሩጫ የተሳለ አካል ክብደት እንጂ በቤት ውስጥ ለሚኖር ውሻ የሚመች አይደለም። ችግሩ ጭማሪው በዚያ አለመቆሙ ነው። 30 ኪሎ ሊመዝን የሚገባው ውሻ 3 ኪሎ ቢጨምር ከልክ በላይ ክብደት፣ 6 ኪሎ ቢጨምር ደግሞ ውፍረት ከሚባለው ደረጃ ደረሰ ማለት ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ጎረቤቱ «አሁን ገና ውሻ መሰለ» ብሎ ሊያመሰግን ይችላል።

የእንስሳት ሐኪሞች የውሻን ሁኔታ የሚለኩት ከ1 እስከ 9 በተከፈለ የአካል ሁኔታ መለኪያ ሲሆን፣ 1 አጥንት ብቻ የቀረ፣ 9 በስብ የተሞላ ማለት ነው፤ ለአብዛኞቹ ውሾች 4 እና 5 ተስማሚ ሲባሉ ለግሬይሃውንድ 4 ይመረጣል። ባለቤቱ ይህን በቤቱ ሊያየው የሚችለው ውሻውን በአራት እግሩ አቁሞ በመጀመሪያ ከጎኑ፣ ቀጥሎም ከላይ በመመልከት ነው። ከጎን ሲታይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት የጎድን አጥንቶች በስሱ ይለያሉ፣ ሆዱም ከደረቱ ጀምሮ ወደ ኋላ በግልጽ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ሲታይ ከጎድኑ በኋላ ወገቡ ገባ ብሎ ዳሌው እንደገና ይሰፋል። የዳሌው ሁለት አጥንቶች ጫፍ ቢታይ አያሳስብም። የጀርባ አከርካሪው እንደ መጋዝ ጥርስ ተለይቶ ከወጣ፣ የጎድን አጥንቶቹም ሁሉ ከሩቅ ከተቆጠሩ ግን ውሻው ከስቷል፤ በተቃራኒው አከርካሪው በሁለት ወገን ሥጋ መካከል ሰርጎ ቦይ ከሠራ፣ በጅራቱ ሥር ለስላሳ እብጠት ከተዳሰሰ፣ ወገቡም ከላይ ሲታይ ከደረቱ ጋር እኩል ከሆነ ወፍሯል። ዓይን ቢያመነታ እጅ ይረዳዋል፤ ጣቶች በጎድኑ ላይ ሳይጫኑ ቢያልፉ አጥንቶቹ ከስስ ሽፋን ሥር አንድ በአንድ ሊዳሰሱ ይገባል፣ ለማግኘት መጫን ካስፈለገ ስቡ በዝቷል።

እዚህ ላይ ሚዛን ብቻውን የሚያታልልበት አንድ ነገር አለ። ከሩጫ የወጣ ውሻ በመጀመሪያው ዓመት ከጭኑና ከጀርባው ጡንቻ ያጣል፤ ጡንቻ ሲቀንስ ስብ ቢተካው የሚዛኑ ቁጥር ሳይነቃነቅ ውሻው ሊወፍር ይችላል፤ ስለዚህም በየወሩ በአንድ ሚዛንና በአንድ ሰዓት፣ ከምግብ በፊት መመዘኑ ከእጅ ዳሰሳው ጋር አብሮ መሄድ አለበት። በእንስሳት ክሊኒኮች መግቢያ ላይ የሚቀመጠው መሬት ለመሬት ሚዛን ለዚህ ይመቻል፤ 30 ኪሎ የሚመዝንና እግሩ የረዘመ ውሻን በቤት ሚዛን ላይ አቅፎ መቆም ለሰውም ለውሻም ፈተና ነው።

የምግቡን መጠን ለመገመት ሐኪሞች የሚነሡት አካል በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚያቃጥለው ጉልበት ነው። 30 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ በቀን 900 ካሎሪ ያህል ሲሆን፣ ለተኮላሸና በቤት ለሚኖር ውሻ በ1.6 ተባዝቶ 1,400 ካሎሪ አካባቢ ይደርሳል። በ100 ግራም ደረቅ የውሻ ምግብ ውስጥ በአብዛኛው ከ350 እስከ 400 ካሎሪ ስለሚገኝ፣ የዕለቱ ድርሻ ከ350 እስከ 400 ግራም መሆኑ ነው፤ ይህ ግን መነሻ ብቻ ስለሆነ በሚዛኑና በእጅ ዳሰሳው እየታየ ይስተካከላል። ምግቡን በስኒ ከመስፈር በሚዛን መመዘን ይሻላል፣ ለሁለት ጊዜ ከፍሎ መስጠትም ይመረጣል፤ ደረታቸው ጥልቅ የሆኑ ውሾች ሆዳቸው በአየር ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ስለሚችል ከበሉ በኋላ ወዲያው አይሮጡም። በመሮጫው ጥሬ ሥጋ የለመደውን ውሻ ወደ ደረቅ ምግብ ማሸጋገር ከሳምንት በላይ በጥቂት በጥቂቱ ካልሆነ ተቅማጥ ያስከትላል። ማባበያው ሁሉ ተደምሮ ከዕለቱ ካሎሪ ከአንድ አሥረኛ ማለፍ የለበትም።

በላስ ቬጋስ አካባቢ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዋናው ጥያቄ ከማዕድ የሚተርፈው ምግብ ነው። የወጥ መሠረት የሆነው ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትም ጭምር፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚያፈርስ ጥሬውም የበሰለውም አይሰጥም፤ ቅቤና የሰባ ሥጋ የቆሽት መቆጣት ሊያስነሡ ይችላሉ፤ የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። ዘቢብና ወይን፣ ቸኮሌት፣ በአንዳንድ ማስቲካና የኦቾሎኒ ቅቤ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫም እንዲሁ መርዝ ናቸው። ትራፊ ለውሻ መጣል በአገር ቤት የኖረ ደግነት ነው፤ የዚያ ውሻ ኑሮ ግን ሌላ ነበር፣ ቀኑን ሲዞር ይውላል እንጂ በአየር ማቀዝቀዣ ሥር ሶፋ ላይ አይተኛም።

የአካባቢው አየር ራሱ የክብደት ጉዳይ ነው። ላስ ቬጋስ በሐምሌ 2024 እስከ 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ሙቀት መዝግባለች፤ በእንዲህ ያለ ወቅት አስፋልቱ የውሻን መዳፍ ስለሚያቃጥል የእግር ጉዞው ወደ ማለዳ ይገፋል ወይም ይቀራል፤ ምግቡም አብሮ ካልተቀነሰ የሙቀቱ ወራት ሲያልፉ ውሻው ወፍሮ ይገኛል። ክብደቱ የሚያርፍበት እግር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተጎዳ ነው፤ በአሜሪካ መሮጫዎች ውሾች ወደ ግራ ብቻ እየታጠፉ ስለሚሮጡ የቀኝ የኋላ እግር ቁርጭምጭሚት ስብራት የታወቀ ጉዳት ሲሆን፣ የዳነውም መገጣጠሚያ ከዕድሜ ጋር የሪህ ሕመም ያመጣል። በ2002 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ 48 ላብራዶሮች ከቡችላነት እስከ ሞት ክትትል ሲደረግባቸው፣ ከጓደኞቻቸው በሩብ ያነሰ የተመገቡት በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል አብልጠው ኖረዋል፤ የመገጣጠሚያ ሕመሙም ዘግይቶ ነው የታየባቸው።

ምግቡ ሳይቀነስ ክብደቱ የሚወርድ ውሻ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነውና፣ ምግብ ከመጨመር በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል። በመሮጫ ካደጉ ግሬይሃውንዶች ጋር አብሮ የሚመጣው መንጠቆ ትል ደም እየመጠጠ የሚያከሳ ሲሆን፣ የተለመዱትን መድኃኒቶች የሚቋቋም ዝርያው በዚህ ዘር ውሾች መካከል በስፋት ስለተገኘ ከሕክምናው በኋላ ሰገራው እንደገና መመርመር አለበት። የተበላሸ ጥርስ፣ በመዥገር የሚተላለፉ በሽታዎች፣ በዘሩ የሚበዛው የአጥንት ነቀርሳም ክብደት ይቀንሳሉ። በደቡብ ኔቫዳ በረሃ አፈር ውስጥ ደግሞ ቫሊ ፊቨር የተባለውን በሽታ የሚያመጣ ሻጋታ ስላለ፣ የሚያስል፣ የሚያነክስና የሚከሳ ውሻ ለዚህ በሽታም ይመረመራል።

በደም ምርመራው ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የግሬይሃውንድ የታይሮይድ ሆርሞን መጠን በተፈጥሮው ከሌሎች ውሾች ዝቅ ያለ፣ የቀይ ደሙ መጠን ግን ከፍ ያለ በመሆኑ፣ በተራው መለኪያ የሚያነብ ሐኪም የወፈረውን ውሻ የታይሮይድ ሕመምተኛ ሊያደርገውና የዕድሜ ልክ ክኒን ሊያዝለት ይችላል። ወፍሮ የሚቀርብ ግሬይሃውንድ ካለ፣ ባለቤቱ ውጤቱ ከዘሩ መለኪያ ጋር እንዲነጻጸር መጠየቅና ከዚያ በፊት የምግብ ሳህኑን መመዘን ይኖርበታል።