ወደ ክሊኒክ ለመሄድ የሚወስነው ማን ነው? ሥርዓተ ጾታ፣ ሥልጣንና የእናቶች ጤና

ሥልጣን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መንግሥትን፣ ፖሊስን ወይም የካምፑን አስተዳደር ነው። ነገር ግን በየቤታችንም ሥልጣን አለ። የራሽን ካርዱን የሚይዘው ማን ነው? ከራሽኑ ተሸጦ በሚገኘው ገንዘብ ምን እንደሚገዛ የሚወስነው ማን ነው? ነፍሰ ጡሯን ሲያማት «ተነሺ፣ ክሊኒክ እንሂድ» የሚለውስ ማን ነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከእናቶችና ከሕፃናት ጤና ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። እንዴት እንደሆነ ቀጥለን እንመልከት።

ጾታና ሥርዓተ ጾታ

ጾታ ከተፈጥሮ የምናገኘው ነው። ማርገዝና መውለድ የሴት ተፈጥሮ ነው። ሥርዓተ ጾታ ደግሞ ኅብረተሰቡ «ለሴት ይህ፣ ለወንድ ያ ይገባል» እያለ የሚያከፋፍለው የሥራ፣ የመብትና የሥልጣን ድልድል ነው። እንግሊዛዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር አን ኦክሊ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ልዩነት በሰፊው አብራርታለች። ከእርሷ በፊት ፈረንሳዊቷ ሲሞን ደ ቦቯር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሴት ዝቅ ብላ እንድትኖር ያደረጋት አስተዳደግና ኅብረተሰብ መሆኑን ተከራክራለች።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አገር ቤት ሳለ ማጀት ገብቶ የማያውቅ ወንድ፣ ብቻውን ወደ ካምፕ ሲመጣ ሽሮ ይሠራል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ውሃ ይቀዳል። ከቤት ወጥታ የማታውቅ ሴትም እዚህ ሻይ ቤት ከፍታ ቤተሰቧን ታስተዳድራለች። የሥራ ድልድሉ ከተፈጥሮ የመጣ ቢሆን ኖሮ ድንበር ስንሻገር ባልተለወጠ ነበር።

ሥልጣን በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ስቲቨን ሉክስ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1974 ሥልጣን ሦስት መልክ እንዳለው ጽፏል። በቤታችን ኑሮ ብናየው እንዲህ ነው፦

1. ባልና ሚስት ይከራከራሉ፤ የአንዱ ቃል ይጸናል። ይህ ለሁሉም የሚታይ ሥልጣን ነው።
2. ጉዳዩ ጭራሽ አይነሳም። ሚስት ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ መጠየቅ ብትፈልግም «ይቆጣል» ብላ ዝም ትላለች። ክርክር ስለሌለ ቤቱ ሰላም ይመስላል።
3. ሴቷ ራሷ «ይህ ትክክል ነው፣ ወጉም እንዲህ ነው» ብላ ታምናለች። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ለልጆቻችን የምንነግረው እኛው እናቶች አይደለንምን?

ከሁሉም ለማየት የሚከብደው ሦስተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 63 በመቶው ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል። ከወንዶች እንዲህ ያሉት 28 በመቶ ነበሩ። ከቀረቡት አምስት ምክንያቶች አንዱ ሚስት ሳትነግረው ከቤት መውጣቷ ነው። እንግዲህ ባሏ በሌለበት ደም የፈሰሳት ሴት ወደ ክሊኒክ ከመሄዷ በፊት ምን እያሰበች እንደምትዘገይ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሕግ ብቻውንም በቂ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ ያደርግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን አንስቶ ባልና ሚስት እኩል መብት እንዲኖራቸው አድርጓል። ከላይ የተጠቀሰው ጥናት ግን የተደረገው ሕጉ ከወጣ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ሦስቱ መዘግየቶች

ሴሪን ታዲየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጽሑፍ እናቶችን ለሞት የሚዳርጉ ሦስት መዘግየቶችን ለይተዋል፦

• ለመሄድ በመወሰን መዘግየት፣
• ጤና ተቋም በመድረስ መዘግየት፣
• ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት መዘግየት።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለመቀነስ አምቡላንስ፣ መድኃኒትና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ግን የሚጀምረው ቤት ውስጥ ነው። ከወሊድ በኋላ በኃይል የሚፈስ ደም እናትን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ባል ከገበያ እስኪመለስ፣ አማት እስክትጠየቅ የሚባክነው ጊዜ ሕይወት ነው።

ምን እናድርግ?

ባሎች፦ እርግዝናው ሳይገፋ ከባለቤትዎ ጋር ተነጋግረው «እኔ ብኖርም ባልኖርም፣ የአደጋ ምልክት ስታዪ ሂጂ» ብለው አስቀድመው ይስማሙ። ይህን ለእናትዎና ለጎረቤትም ይንገሩ። በስደት ሥራ አጥቶ መቀመጥ ለወንድ ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ሆኖም ቤተሰብን በጋራ መምራት ክብርን አይቀንስም።

ነፍሰ ጡር እናቶች፦ የሚከተሉት የአደጋ ምልክቶች ሲታዩ የማንንም ፈቃድ አይጠብቁ። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ምጥ ሳይመጣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ። በሕክምና ሥነ ምግባር አዋቂ ሴት ለራሷ ሕክምና የምትፈቅደው ራሷ ነች።

ድብደባ ወይም ማስፈራራት ካለ፦ ሁኔታውን እርስዎ ያውቁታልና ለብቻዎ መጋፈጥ አይኖርብዎትም። ለክትትል ሲመጡ ነርሷን ለብቻዋ ያነጋግሩ። ያለ እርስዎ ፈቃድ ለባልም ሆነ ለሽማግሌ መነገር የለበትም።

አማቶችና ጎረቤቶች፦ «እኛ ቤት ወልደን የለም ወይ?» ከማለት ይልቅ ልጆቿን ያዙላት፤ አብራችኋት ሂዱ።

የማኅበረሰብ ኮሚቴዎች፦ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 ለስደተኛ ሴቶች አምስት ቃል ኪዳኖችን ገብቷል። ሴቶች በግላቸው እንዲመዘገቡ፣ በኮሚቴዎችና በምግብ እደላ አስተዳደር እንዲሳተፉ የሚሉት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በስብሰባችሁ ስንት ሴቶች እንደሚቀመጡ ብቻ ሳይሆን ስንቶቹ እንደሚናገሩም ቁጠሩ።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ሳምንት በቤታችሁ አንድ ጥያቄ አንሱ፦ «ዛሬ ማታ ምጥ ቢመጣ የሚወስነው ማን ነው?» መልሱ «እሷ ራሷ» እስኪሆን ድረስ ተነጋገሩበት።